በአንድ ሴራሚክ ላይ መዞር

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወገቧን ይዞ ሲያሽከረክራት ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ባልየው ይሰማሻል» አለች ሁለተኛዋ።

ባልየው ሰምቷል። ኤቫሪስቶ የቡና ስኒዎች የተደረደሩበትን ትሪ በሁለት እጁ ይዞ ከኩሽናው በር ጀርባ ቆሞ ነበር። በቬራክሩዝ ወደብ ከተማ፣ በላ ዋካ ሰፈር ቤቶቹ ከሳንቃ የተሠሩ ናቸው። እዚህ ሰው የሚያንሾካሹከው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ወሬውስ በግድግዳው አልፎ ሦስተኛ ቤት ይደርሳል። ሴቶቹ እንዳያፍሩ ብሎ ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ገባ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ዶን ኤቫሪስቶ» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ቀረፋ የገባበትን ቡና ከትሪው እያነሱ።

«አሜን። ታማሉ ሊወጣ ነው፤ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ» አላቸው።

የሐዘኑ አራተኛው ቀን ነበር። ሚስቱ ኦብዱሊያ ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ «ጀርባዬን ላሳርፍ» ብላ ጋደም እንዳለች አልተነሳችም። ሰባ ዓመቷ ነበር። አልተሰቃየችም፣ ማንንም አላስቸገረች፤ ምሳ የበሉበትን ሳህን እንኳ አጥባ ነው የተኛችው። ሬሳ ሳጥኑ አርፎበት በነበረው የሳሎን ወለል ላይ፣ እንደ ቬራክሩዝ ሰው ደንብ፣ በነጭ ኖራ መስቀል ተሠርቷል፤ ዙሪያውን አበባና ሻማ። በየአመሻሹ ጸሎት መሪዋ ዶኛ ካሲልዳ መቁጠሪያዋን ይዛ ትመጣለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይጸለያል፣ ይበላል፣ ይታማል። ዘጠነኛው ቀን ላይ መስቀሉ ከወለሉ ይነሳል። እስከዚያ ማንም አይረግጠውም፣ መጥረጊያም አይጠጋውም።

ሴቶቹ ያሙት ሰው ፊሊቤርቶ ይባላል፤ መንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በየአመሻሹ ከዘራውን ተደግፎ ይመጣል። ቤት ግን አይገባም። የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ከበሩ ማዶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ይቀመጣል፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ጸሎቱን ከዚያው ይመልሳል። ሲያልቅ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ይሄዳል። ቡና እንኳ ቀምሶ አያውቅም።

«የአጎታችን ልጅ ሬሚ ወይም ሮጌልዮ ብዬ አስቤ ነበር» አለች ፕሩደንሲያ፣ ኤቫሪስቶ ባዶ ትሪውን ይዞ ወደ ኩሽናው ሲመለስ። ፕሩደንሲያ የሟች ታላቅ እህት ናት፤ ከአልቫራዶ ከተማ ትልቅ ድስትና ትልቅ ሐሳብ ይዛ ነው የመጣችው። «ሬሚ ግን ጠጪ ነው። ስለዚህ ልጄ ሮጌልዮ ይሁን።»

«ምን ይሁን?»

«የመስቀሉ አባት ነዋ! ሌላ ምን? መስቀሉን ማን ሊያነሳው ነው? አራት ቀን አለፈ፣ አንተ አፍህን ዘግተህ ቡና ታመላልሳለህ።»

ቀላል ነገር አልነበረም የጠየቀችው። የመስቀሉ አባት ኖራውን ከወለሉ የሚያነሳ ሰው ነው፤ መስቀሉን ካነሳ በኋላ ግን የሟች ቤተሰብ አበልጅ ይሆናል፣ ዕድሜ ልክ። በየሙት ዓመቱ ይጠራል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት የሥጋ ዘመድ ያህል ይለቀስለታል። ለባልና ሚስቱ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ከእንግዲህ ኤቫሪስቶ በዚህ ምድር ላይ የሚኖረው የቅርብ ሰው ይኼ የሚመርጠው ሰው ነው ማለት ነው።

«ላስብበት» አላት።

«ምኑን ነው የምታስበው?» ፕሩደንሲያ የታማሉን የበቆሎ ሊጥ በሙዝ ቅጠል መጠቅለሏን ትታ ቀና አለች። ዓይኗ በመስኮቱ ወደ ማዶው ወንበር ሄደና ተመለሰ። «ኤቫሪስቶ፣ ያሰብከውን እንዳታስበው። በእህቴ ላይ ከሞተች በኋላ ወሬ አላስወራባትም።»

እሱም ያስፈራው ይኸው ነበር። የሚፈልገውን ሰው ያውቃል። ያንን ሰው ከጠራ ግን ሰፈሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያኝከው የኖረውን ወሬ እሱ ራሱ በእጁ ማኅተም አተመበት ማለት ነው፤ ወሬው ደግሞ የሚለጠፈው በእሱ ላይ ሳይሆን መልስ በማትሰጠው በኦብዱሊያ ላይ ነው።

ሴቶቹ ሲሄዱ ብቻውን ተቀምጦ የአደባባዩን አግዳሚ ወንበር አስታወሰ።

በቬራክሩዝ አደባባይ እሑድ እሑድ አመሻሽ ባንድ ይመጣና ዳንዞን ይጫወታል። ዳንዞን የጥንዶች ጭፈራ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ሽማግሌና አሮጊት ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው የሚመጡበት። ኦብዱሊያ ከሁሉም በላይ ትደንስ ነበር። ኤቫሪስቶ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የወደብ ክሬን ነጂ ነበር። ሥራው ሁሉ በእጅ ነው፤ አርባ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ የመርከብ ዕቃ እንደ እንቁላል ያስቀምጣል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን እግሮቹ የሌላ ሰው እግሮች ነበሩ። በሠርጋቸው ቀን የሙሽራዋን ጣት ረግጦ ጥፍሯን ካነሳው ወዲህ ሁለተኛ አልሞከረም።

ስለዚህ እሷ ከፊሊቤርቶ ጋር ትደንሳለች፤ እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቦርሳዋን ይይዛል። ቦርሳዋ ቡናማ ነበር፣ ከባድ። ምን እንደምትጨምርበት እግዜር ይወቀው። ሰዎች እየመጡ «ሚስትህ እኮ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር...» ሊሉት ይፈልጋሉ። ለቀባሪው ማርዳት! ከእሱ የበለጠ ማን አይቷቸዋል? የሰውየው እጅ ሚስቱ ወገብ ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ፣ ስንት ጣት እንደሚነካ፣ በየትኛው ዜማ ላይ ፈገግ እንደምትል ያውቃል። ቀንቷል፤ መቅናት ብቻ አይደለም፣ አንዳንድ እሑድ ቦርሳውን ባሕር ውስጥ ሊወረውረው ይዳዳው ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ገና በአምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ጠየቃት።

«ስትዞሪ ምን ይልሻል ያ ሰውዬ? አፉ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።»

ኦብዱሊያ ቆመች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። «እሱ የሚቆምበት ቦታ ቆመህ እየው። ያኔ ምን እንደሚል ታውቃለህ» አለችው።

ኤቫሪስቶ ያን ቀን እንደ ስድብ ወስዶት ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጸሎቱ ሲያልቅ ቡና በስኒ ቀድቶ፣ አንድ ታማል በሳህን አድርጎ መንገዱን ተሻገረ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ፊሊቤርቶ ወንበሩን ሊመልስ ተነስቶ ነበር።

«ቁጭ በል። ብላ» አለው ኤቫሪስቶ።

«ጨጓራዬ...»

«ጨጓራህን ተወው። ፕሩደንሲያ ናት የሠራችው፤ ካልበላህ መርዝ አለበት ብሎ ጠረጠረኝ ትላለች።»

ፊሊቤርቶ ተቀመጠና የሙዝ ቅጠሉን ፈታ። ቀጭን ሰው ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ዛሬም በቅባት ወደ ኋላ የተኛ። ጥቂት ጎረሰ።

«ለምንድን ነው የማትገባው?» አለው ኤቫሪስቶ።

«እዚህ ይነፍሳል።»

«ቤቴም ውስጥ መስኮት አለ።»

ፊሊቤርቶ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «አንተን ፈርቼ አይደለም። እዚያ ገብቼ እንደ ዘመድ ብቀመጥ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ። እሷ በሕይወት ሳለች ይህን ወሬ አንገቷን ቀና በማድረግ ብቻ ታባርረው ነበር። አሁን ማን ያባርርላታል? እኔ እዚህ ሆኜ ብጸልይም ጸሎቱ ይደርሳታል።» ቡናውን ጨለጠና ስኒውን መለሰለት። «ታማሉ ጨው አንሶታል። ለእህትየው ግን እንዳትነግር።»

ኤቫሪስቶ ስኒውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ይኼ ሰው ጉልበቱን እያመመው በየቀኑ መንገድ ዳር የሚቀመጠው የእሱን ሚስት ስም ለመጠበቅ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ አሁን አንድም ቀን በሰው ፊት «አመሰግናለሁ» ብሎት አያውቅም። ያን ቀንም አላለውም። እንደዚህ ዓይነት ቃል መንገድ ላይ፣ ባዶ ስኒ ተይዞ፣ እንዴት እንደሚባል አላወቀበትም።

ከሦስት ዓመት በፊት የፊሊቤርቶ ጉልበት እምቢ አለ። ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ካልሠራህ ሥራውንም ትተወዋለህ ብሎት ነበር፤ ጭፈራማ ጭራሽ። ኦብዱሊያን አብራቸው እንድትደንስ አምስት ሰዎች ጠየቋት። ሁሉንም «አመሰግናለሁ፣ ደክሞኛል» አለቻቸው። እሑድ ሲመጣ ቤቷ ተቀምጣ ካልሲ ትጥፋለች። አንድ ቀን ኤቫሪስቶ ከገበያ ሲመለስ ኩሽና ውስጥ ድምፅ ሰምቶ ከበሩ ቆመ። ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇ ሳህኑ ላይ ነው፤ እግሮቿ ግን ከእቃ ማጠቢያው ሥር ባለችው ባንዲቱ ሴራሚክ ላይ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ገጠም፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ገጠም ይላሉ። ከዚያች ሴራሚክ አንድ ጣት ያህል አልወጡም። ኤቫሪስቶ ሳትሰማው ወደ ውጭ ተመለሰና ቀጥ ብሎ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ።

«ጢም ነው ፀጉር?» አለው ፊሊቤርቶ።

«እግር ነው» አለ ኤቫሪስቶ።

ፊሊቤርቶ ምላጩን አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ፣ መጋረጃውንም ሳበው።

ሰባት ወር ፈጀ። በየቀኑ ፀጉር ቤቱ ለምሳ ሲዘጋ ይመጣል። ፊሊቤርቶ ጠመኔ አንስቶ ወለሉ ላይ አንዲቱን ሴራሚክ አከበባት። «ይቺ አገርህ ናት። ከዚህ ከወጣህ መኪና ይገጭሃል» አለው። ግራ እግር ወደ ፊት፣ ቀኝ ወደ ጎን፣ ግራው ይገጥማል። ቀኝ ወደ ኋላ፣ ግራ ወደ ጎን፣ ቀኙ ይገጥማል። ይኼን ለመማር ብቻ ሁለት ወር ሄደ። ኤቫሪስቶ ላብ ጠመቀው፣ እየቆጠረ ይረግጣል፣ ቁጥሩ ይጠፋዋል፣ ይሳደባል።

«እግርህን አትየው!» ይለዋል ፊሊቤርቶ። «የትም አይሄድብህም። ክሬኑን ስትነዳ መሪውን ታይ ነበር?»

«ዕቃውን ነበር የማየው።»

«እዚህም ዕቃው ሌላ ነው።»

ከዚያ መዞሩ መጣ። ያው አረማመድ ነው፤ ግን ግራው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የጫማው አፍንጫ ትንሽ ወደ ግራ ይዞራል፣ ሰውነትም ይከተለዋል። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር፤ አራት ጊዜ ሲሆን ሰው ወደ ተነሳበት ይመለሳል። ሴትየዋን የሚጎትታት የለም፤ ወንዱ እግሩን በትክክል ካስቀመጠ እሷ የምትሄድበት ቦታ ራሱ ይከፈትላታል። ይኼን ለብቻ መማር አይቻልም፤ ሴት ያስፈልጋል። ፊሊቤርቶ ደግሞ መቆም አይችልም። ስለዚህ የፀጉር ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ለኤቫሪስቶ ዘረጋለት።

«እኔ ኦብዱሊያ ነኝ» አለው፣ ፈገግ ሳይል።

«ኦብዱሊያ ጢም የላትም።»

«ዝም በልና አዙረኝ። ወንበሩን እንዳትገፋው! ከገፋኸኝ እወርዳለሁ።»

እግሩ ሲሳሳት ወንበሩ ይንገጫገጭና ይቆማል። በትክክል ሲረግጥ ወንበሩ ከነሰውየው ሩቡን ያህል በለስላሳው ይዞራል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ በመጋረጃው ስንጥቅ አጮልቆ ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሽከረከሩ አየና ለስድስት ወር ፀጉሩን ሌላ ሰፈር ሄዶ ተቆረጠ። ኤቫሪስቶ ግን በዚያ ወንበር ዙሪያ አንድ ነገር ገባው። ፊሊቤርቶ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን እሱ ቆሟል፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ለሌላ ሐሳብ የሚተርፍ አንዲት ቅንጣት ቦታ የለም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የነበረው ለምን እንደሆነ ገባው። ሰውየው ይቆጥር ነበር!

የሳቀው ያኔ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የቀናው በአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሩደንሲያና ኤቫሪስቶ ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው የነገውን ታማል ይጠቀልሉ ነበር።

«ለሮጌልዮ ነጭ ሸሚዝ ገዝቼለታለሁ» አለች።

«ፕሩደንሲያ፣ የመስቀሉ አባት ፊሊቤርቶ ነው።»

ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ። «አበድክ እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ነው የሚለው። ምላስ አጥንት የለው።»

«አጥንት ግን ይሰብራል! የእሷን ነው የሚሰብረው። እኔ እኮ ሰውየውን ጠልቼው አይደለም። አንተ ባሏ ነህ፣ ወንድ ነህ፣ ነገ ይረሱልሃል። የሴት ስም ግን እንደሷ አይቀበርም።»

ኤቫሪስቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ካልተዋጠልሽ ሮጌልዮ ያነሳዋል።»

«ንገረኝ።»

«ከእሷ ጋር መጀመሪያ አደባባይ የወጣሁ ቀን አንቺ አልነበርሽም። ሰባት ወር ተምሬ፣ ሸሚዝ ተኩሼ፣ ‹ተነሺ ልብስሽን ልበሺ› አልኳት። የት ነው አላለችኝም። ጫማዬን አየችና ለበሰች።»

«እሺ።»

«ዳንዞን እረፍት እንዳለው ታውቂያለሽ።»

ፕሩደንሲያ ታውቃለች፤ ማን የማያውቅ አለ? ባንዱ የመግቢያውን ዜማ በመለሰ ቁጥር ጥንዶች ሁሉ ቀጥ ይላሉ። ሴቶቹ ማራገቢያቸውን ይዘረጋሉ፣ ወንዶቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ፊታቸውን ወደ ባንዱ አዙረው ዜማው እስኪያልቅ ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት እግሩን የሚያነሳ ሰው ቅዳሴ መሃል እንዳፏጨ ነው የሚቆጠረው። ኦብዱሊያ ደግሞ በዚህ ነገር ምሕረት አልነበራትም። አንዱን ጡረተኛ ጄኔራል በእረፍት ሰዓት ደነስክ ብላ በሕዝብ ፊት ከመሃል አስወጥታዋለች።

«መዞሩን ጀመርኩ» አለ ኤቫሪስቶ። «አንደኛው ሩብ ተሳካ። ሁለተኛውም። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ እየቆጠርኩ ነው፣ ምንም አልሰማም። ለካ ዜማው ተመልሷል። አደባባዩ ሙሉ ቆሟል፤ እኔ ብቻ ሚስቴን ይዤ እዞራለሁ።»

«ወይ ጉድ። ምን አለችህ?»

«በጆሮዬ ‹ጨርሰው› አለችኝ።»

ፕሩደንሲያ አፏን ከፈተች።

«አልቆመችም። ከእኔ ጋር ዞረች። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ያቺ ደንብ አዋቂ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ አብራኝ ተሳሳተች። ሦስተኛው ሩብ ላይ ነው የነቃሁት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰው መሳቅ ጀመረ። ያኔ ፊሊቤርቶ ከአግዳሚው ተነሳ። ቦርሳዋን የያዘላት እሱ ነበር። ባንድ እጁ ከዘራ፣ ባንድ እጁ ያንን የማይረባ ቦርሳ ይዞ፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ቆሞበት የነበረው ሴራሚክ ላይ ብቻውን መዞር ጀመረ። ሃምሳ ዓመት ስሙ ሳይጎድፍ የደነሰ ሰው። ከዚያ ሦስት አራት ጥንዶች እሱን አይተው መዞር ጀመሩ። ሳቁ ከእኔ ላይ ወርዶ የሁሉም ሆነ።»

ኤቫሪስቶ ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ።

«ወደ ቤት ስንሄድ ‹ለምን አላቆምሽኝም?› አልኳት። ‹አርባ አራት ዓመት ጠብቄህ፣ ስትመጣ ልረፍ?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ደነስን፣ ፕሩደንሲያ። አንድ እሑድ ሳይቀር። እኔ እነዚህን ሁለት ዓመታት የማን ቸርነት ልበላቸው? ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ልሰጣት ያልቻልኩትን ደስታ ሰጥቷታል፤ እግሩ ሲደክም ደግሞ ለሌላ አላስተላለፋትም፣ እኔን አስተማረኝ። እግዜርን ሳመሰግን እሱን ሳልጠራ ማመስገን አልቻልኩም።»

ፕሩደንሲያ የወደቀውን ቅጠል አነሳች። አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ መልሳ ፈታችው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን እሷ በሽንኩርት ነው የምታሳብበው።

«ኦብዱሊያ?» አለች በመጨረሻ። «በእረፍቱ?»

«በእረፍቱ።»

«እኔን እህቷን በማራገቢያ እጄን መታኛለች እኮ፣ ቀድሜ አንድ እግር ስላነሳሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሸሚዙን ሮጌልዮ ለሌላ ጊዜ ይለብሰዋል። ሰውየው ነገ ባርኔጣውን አውልቆ ይግባ።»

በዘጠነኛው ቀን ሳሎኑ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ዶኛ ካሲልዳ መቁጠሪያዋን አዘጋጅታ «የመስቀሉ አባት ማነው?» ስትል ሁሉም ሮጌልዮን አየ። ኤቫሪስቶ ግን በሕዝቡ መሃል አልፎ ወጣና መንገዱን ተሻገረ። ፊሊቤርቶ ወንበሩ ላይ ነበር።

«ተነስ» አለው ኤቫሪስቶ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «መስቀሉን የምታነሳው አንተ ነህ።»

ፊሊቤርቶ ገረጣ። «ተው እንጂ። ነገርኩህ እኮ።»

«ነገርከኝ። እኔ ደግሞ እለምንሃለሁ። ሚስቴን ስላስደሰትክልኝ፣ እኔንም ስላስተማርከኝ፣ አመሰግናለሁ። ይኼን ከሦስት ዓመት በፊት ማለት ነበረብኝ። አሁን አበልጄ ሁን።»

አራተኛው ቀን ላይ ያማችው ጎረቤት መሬት መሬቱን ታያለች። ፊሊቤርቶ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ።

«ጉልበቴ አይታጠፍም» አለ ድምፁ ተሰብሮ።

«እኔ እይዝሃለሁ።»

ይዞት ገባ። ፕሩደንሲያ መንገድ አስለቀቀችላቸው፤ ለፊሊቤርቶም አዲስ መጥረጊያና መጥበሻ የሚያህል መዛቂያ ሰጠችው። ዶኛ ካሲልዳ ጸሎቱን ጀመረች። ደንቡ ይታወቃል፤ መጀመሪያ የመስቀሉ ራስ ይነሳል፣ ከዚያ ቀኝ ክንዱ፣ ከዚያ ግራው፣ በመጨረሻ እግሩ፤ በየመሃሉ ሻማ እየጠፋ፣ እየተዘመረ። ኖራው በሙሉ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነገ ጧት መቃብሯ ላይ ይቀበራል። ቤት ውስጥ ቅንጣት መቅረት የለበትም፤ ከቀረ ሟች መንገዷን አትጨርስም ይባላል።

ኤቫሪስቶ ፊሊቤርቶን በብብቱ ደግፎ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ የመስቀሉን ራስ በመጥረጊያው ሰበሰበ። ቀኝ ክንዱን አነሳ። ወደ ግራው ሊሻገር ሲል የታመመው እግሩ ተንሸራተተና የጫማው አፍንጫ ኖራው ላይ አረፈ። ፊሊቤርቶ አለቀሰ፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ እጁ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ኤቫሪስቶም አለቀሰ። እስከዚያ ቀን እንባው አልመጣም ነበር፤ አሁን አላፈረበትም። ሐዘን ነበር፣ ግን ከሐዘኑ በላይ ሌላ ነገር ነበር፤ ይህቺን ሴት የሰጠውን እግዜርንና መልሶ የሰጠውን ይህን ሰው ማመስገን።

የመስቀሉ እግርም ተነሳ፤ የመጨረሻው ሻማ ጠፋ። ወለሉ ባዶ ሆነ። ኤቫሪስቶ ተንበርክኮ የቀረውን በመዳፉ ሰበሰበና ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

«አልቋል?» አለች ዶኛ ካሲልዳ፣ ዓይኗ ደከም ያለ ነው። «ምንም እንዳይቀር። በደንብ እዩ።»

ኤቫሪስቶ አየ። የፊሊቤርቶ ጥቁር ጫማ አፍንጫ ላይ ነጭ ኖራ ተለጥፎ ነበር። ፕሩደንሲያም አይታዋለች፤ መጥረጊያውን አንስታ ወደ እሱ ዘረጋችለት። ፊሊቤርቶ ራሱ አላየም፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አልቋል» አለ ኤቫሪስቶ።

መጥረጊያውን አልተቀበላትም፤ ይቺ ቅንጣት ከእነሱ ጋር ትቅር ብሎ። ከተንበረከከበት ሳይነሳ እጁን ሰደደና የፊሊቤርቶን ሱሪ ጫፍ ጎተት አድርጎ ኖራውን ሸፈነለት።